ረዳቱ በምን ዜማ ይናገር?



የዚህ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ስብሰባ አዘጋጆች ሲደውሉልኝ «ስለ ቴክኖሎጂ ንገረን፤ ግን ሰው አታስተኛብን» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ካስተኛኋችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰዓቱን ከምሳ በኋላ ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው።

ርእሴ እንዲህ ነው። ዛሬ በዚህ በአዲስ አበባ ንግድ ቤቱም ማኅበሩም ደንበኛ የሚያነጋግርለት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይፈልጋል። በቴሌግራም ገብታችሁ ትጠይቁታላችሁ፤ ይመልስላችኋል። ይህ ረዳት ከማን ጋር በምን አነጋገር፣ እስከ ምን ድረስ እንደሚናገር የሚወስንለት ማነው? ውሳኔውስ የት ይጻፋል? ይህን ነው የማወራችሁ፤ የማወራውም የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ መጽሐፍ ድጓ የሚመሰከርባትን፣ የጋይንቷን ቤተ ልሔምን እየጠራሁ ነው። «ድጓንና ኮምፒውተርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ ጥያቄውን ለጊዜው ኪሱ ውስጥ ያቆይልኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገርና ልግባ። እንጀራዬን የምበላው ኮድ እየጻፍኩ ነው። ልጅ ሳለሁ ግን አኩፋዳ አንግቼ፣ ለምድ ለብሼ፣ ውሻ እያባረረኝ ቁራሽ ለምኜ ተምሬያለሁ። ጾመ ድጓን ጀምሬ ሳልዘልቀው ነው ወደ አስኳላ የሸሸሁት። ስለዚህ ዜማውን ስሳሳት ፊት ያላችሁ መሪጌቶች ዝም አትበሉኝ፤ ኮዱን ስሳሳት ከኋላ ያላችሁ ወጣቶች አትማሩኝ።

መጀመሪያ፣ ስልት ምንድን ነው?

ድጓ ገልጦ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ቃሉ ብቻውን አይቀመጥም። በምን እንደሚዜም አብሮ ይነገረዋል፤ በግዕዝ፣ በዕዝል ወይስ በአራራይ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሦስቱን ስልቶች የሰጠን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ግዕዙን ደረቅ ዜማ ይሉታል። አራራዩ ስሙ እንደሚነግረን ልብ የሚያራራው ነው። አንዱ ቃል በግዕዝ ሲባልና በአራራይ ሲባል ፊደሉ አንድ ነው፤ ሰሚው የሚደርስበት ቦታ ግን ለየቅል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። ስልቱን የሚመርጠው ዘማሪው አይደለም። ዕለቱ፣ በዓሉ፣ አገልግሎቱ ነው የሚመርጥለት። የትኛውም መሪጌታ «ዛሬ ደስ ብሎኛልና በአራራይ ልበለው» ብሎ ማኅሌት አይቆምም። ስልቱ ከአፉ በፊት፣ ከአፉ ውጭ ተወስኖ ቆይቶታል።

ወደ ማሽኑ ልምጣ። እነዚህ ረዳቶች የተሠሩት ስፍር ቁጥር የሌለው ጽሑፍ ካነበበ ሞዴል ነው። ሞዴሉ እንደ ጠበቃ መጻፍ ይችላል፤ እንደ ቀልደኛ፣ እንደ አያትም ይችላል። ችግሩም ይኸው መቻሉ ነው። ዜማውን ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ የትኛውን መቼ እንደሚል ግን ያልተነገረው ደብተራ አስቡ። ለቀብር ጠርታችሁት የሠርግ ቢያወርድላችሁ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ይቅር ትሉታላችሁ?

ይህ ደግሞ በዓለም ፊት የሆነ ነገር ነው። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ቢንግ በተባለው መፈለጊያው ላይ የሚያወጋ ረዳት አወጣ። ሰዎች ረጅም ሰዓት ሲያናግሩት ረዳቱ ከመንገድ እየወጣ አንዱን ይቆጣ፣ ለሌላው ፍቅሩን ይገልጥ ጀመር። ኩባንያው ተሯሩጦ በአንድ ጭውውት 5 ጥያቄ፣ በቀን ደግሞ 50 ብቻ ብሎ ገደበው። በማግስቱ ወር ለተጠቃሚው ሦስት የአነጋገር ስልት አቀረበለት፤ ፈጠራ የሚበዛበት፣ መካከለኛና ቁጥብ። ሦስት መሆናቸው አጋጣሚ ነው፤ ምስጢር አትፈልጉበት። ሆኖም በዓለም ትልቁ ከሚባሉት ኩባንያዎች አንዱ በሁለት ወር ውስጥ «አንድ አፍ በአንድ ስልት አይበቃም» ወደሚለው መምጣቱ ለእኛ ሰፈር አዲስ ወሬ አይደለም።

እንግሊዝኛው ይህን ስልት ሞድ ይለዋል። እኔ ቃሉን ትቼ ስልት ያልኩት በወግ አጥባቂነት ብቻ አይደለም። በአራዳ ቋንቋ «ሞድ መያዝ» ማለት ምን እንደሆነ ወጣቶቹ ያውቁታል፤ ለአባቶቼ ልተርጉም፣ በሰው ማፌዝ ማለት ነው። በደንብ ያልተዋቀረ ረዳትም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ በደንበኛችሁ ላይ ሞድ ይይዛል።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ላጥራ። ስልት ማዋቀር ማለት ሞዴሉን እንደገና ማስተማር ማለት አይደለም። በምሳሌ ላሳያችሁ፤ ቶማስ ፓከናም የተባለ ሰው በ1955 እ.ኤ.አ. ቤተ ልሔም ሲደርስ ከውጭ ያየው እንደማንኛውም ክብ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ሲገባ ግን በክቡ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። የንግድ ረዳትም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያለው ሞዴል ሌላ ሰው በብዙ ገንዘብ የገነባው ነው፤ እናንተ አትነኩትም። እናንተ የምትሠሩት በዙሪያው ያለውን ግድግዳ ነው። በየት በር ይገባል፣ ማን እስከየት ይዘልቃል፣ መቅደሱ ለማን ይከፈታል የሚለውን።

ሁለተኛ፣ ለምን በኮድ?

አብዛኛው ሰው ረዳቱን በወሬ ነው የሚያዋቅረው። «ከአሁን ጀምሮ በትሕትና መልስ፤ ዋጋ አትቀንስ» ብሎ ይጽፍለታል። ረዳቱም እሺ ይላል። እሺ ማለት ይወዳል። ግን እሺታውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አንድ መልእክት በላካችሁ ቁጥር ፕሮግራሙ ከጀርባ እስካሁን የተባለውን ሁሉ እንደገና ጠቅልሎ ለሞዴሉ ይልካል፤ ሞዴሉ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚያነበው። ጭውውቱ ከረዘመ፣ የሚነበበው ልክ ስላለው፣ ብዙ ጊዜ የፊተኛው እየተቆረጠ ይወድቃል። ጠዋት የሰጣችሁት ትእዛዝ ከሰዓት በኋላ የለም። ኮድ የሚያደርገው ይህን ነው፤ በእያንዳንዱ መልእክት ራስ ላይ የስልቱን መመሪያ ሳይሰለች ያኖረዋል። በመቶኛውም ጥያቄ ላይ ረዳቱ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

ድጓውም ይህን መንገድ ተጉዟል። ቃሉ በብራና ተጽፎ ዜማው ግን ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ብቻ የሚያልፍበት ረጅም ዘመን ነበር። ከግራኝ ጦርነት ማግስት፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን እንደሠሩልን ይነገራል። መጽሐፍ ተቃጥሎ፣ ሊቅ ተገድሎ ባየ ትውልድ ዘንድ «መምህሩ በልቡ ይዞታል» ማለት አላስተማመነም። ከፊደሉ በላይ ድፋትና ቅናት፣ ይዘትና ጭረት ሰፈረ። ድምፁ ከአንድ ሰው ደረት ወጥቶ ማንም የተማረ ሊያየው በሚችል ቦታ ተቀመጠ።

ይህን ስነግራችሁ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። የዓለም ኮምፒውተሮች ፊደል የሚጋሩበት ዩኒኮድ የሚባል ሰንጠረዥ አለ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ገባበት። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዜማ ምልክቶች ገቡ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ አጭር ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ደረት ሂደት፣ ቁርጥ። አሥር ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቁጥር አላቸው። የኔታ በእጃቸው ይጥሉት የነበረው ምልክት እውነተኛ ኮድ ሆኗል። ኪሳችሁ ያለው ስልክም፣ ፊደሉ ከተጫነለት፣ ሊያሳያችሁ ይችላል።

በኮድ መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው። ኮድ የሚጻፍበት ፋይል የለውጥ ታሪክ ይያዝለታል። ማክሰኞ ዕለት «እርስዎ» የሚለውን «አንተ» ብሎ የለወጠው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ካልተስማማም ወደ ሰኞው መመለስ ይቻላል። ፕሮግራመሮች ስልትን በፋይል መጻፉን ለራሳቸው ቀድመው አድርገውታል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ በ2025 እ.ኤ.አ. የረዳቱን ስልት በአንድ ትንሽ ፋይል መጻፍ አስቻለ። ለምን እንደሚያገለግል፣ የትኛውን ሞዴል እንደሚጠራ፣ የትኞቹን መሣሪያዎች መንካት እንደሚፈቀድለት ከፋይሉ ራስ ላይ ይሰፍራል፤ መመሪያው ከሥሩ ይከተላል። ከወራት በኋላ ስሙን ቀይረውታል። የኮምፒውተር ሰው ስም መቀየር ይወዳል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ምን ይጻፋል?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን። አንድ እህል በጅምላ የሚሸጥ ቤት እናስብ። ባለቤቱ ከእኛው አገር ሰው ይሁን፤ ባቄላና ገብስ ከነፋስ መውጫ ያስመጣል፣ እዚህ ይሸጣል። ረዳቱ ሦስት ዓይነት ሰው ያነጋግራል፤ ደንበኛውን፣ ሻጩንና ባለቤቱን። ግድግዳው ላይ የምታዩት የደንበኛው ስልት ነው። እውነተኛው ፋይል በላቲን ፊደል ነው የተጻፈው፤ ለእናንተ ወደ አማርኛ መለስኩት።

ስልት፦ ደንበኛ
አጠራር፦ እርስዎ
ሙቀት፦ 0.2
ምንጭ፦ የዕለቱ የዋጋ ሰንጠረዥ ብቻ
መሣሪያ፦ ዋጋ ማንበብ
ርዝመት፦ ከ4 ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ
ካላወቀ፦ ለሻጭ አስተላልፍ

ሰባት መስመር ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈበትና አጭር የሆነበት ምክንያት አለው። የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ሲቀመጥ አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይም አማርኛ በትንንሹ ይቆራረጣል፤ ሒሳቡም በቁራጩ ብዛት ነው። ረጅም መመሪያ በአማርኛ መጻፍ በእያንዳንዱ መልእክት የሚከፈልበት ነው።

ሁለተኛውን መስመር እዩልኝ፤ «አጠራር፦ እርስዎ»። እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው ይህ መስመር አያስፈልገውም። እኛ ግን ሰው ጠርተን ሳንጨርስ ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ ወስነናል። መመሪያ ያልተሰጠው ረዳት ሁሉንም «አንተ» ሊል ይችላል። አንዲት የ70 ዓመት እናት ስለ ባቄላ ጠይቀው «ምን ልርዳህ?» ሲላቸው ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው «ይህ ባለጌ ማነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም። «እርስዎ» ከዚህ ሁሉ ያድናል። ለወጣት ሲሆን ትንሽ ይከብድ ይሆናል፤ ግን እርስዎ ተብሎ የተቀየመ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰዓቱስ? ደንበኛው «ነገ 2 ሰዓት እመጣለሁ» ይላል። ረዳቱ ሁለትን አይቶ በመዝገቡ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ይጽፋል፤ ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው፤ በእኛ 8 ሰዓት። ደንበኛው በጠዋት መጥቶ በር ላይ ይቆማል። «መስከረም 5» ሲለው ደግሞ ሴፕቴምበር 5 ብሎ ቢመዘግብ፣ ያ ቀን በእኛ ገና ነሐሴ 30 ነው፤ ጳጉሜን እንኳ አልገባም። ይህን በመመሪያ «እባክህ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ተጠቀም» ብሎ መለመን ይቻላል፤ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይረሳል። ቀንና ሰዓት መለወጥ የሒሳብ ሥራ ነው። ሒሳቡን አሥር መስመር ኮድ ይሥራው፤ ሞዴሉ ውጤቱን ብቻ ይናገር። ከሞዴል ጋር ስሠራ የተማርኩት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ በኮድ የሚያልቀውን ለሞዴል አትስጡት።

ፊደሉም እንዲሁ። እኛ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ስንጽፍ አንድ ነገር ነው የምናነበው። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ደንበኛው በአንዱ ሀ ጽፎ ሰንጠረዡ በሌላው ሐ ከሆነ «የለንም» ይለዋል፤ መጋዘኑ ሞልቶ። ስለዚህ ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት ኮዱ የተመሳሳይ ድምፅ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣቸዋል። መሪጌቶች ይህን ስትሰሙ ፊታችሁ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። አትቆጡ፤ ለፍለጋ ብቻ ነው፤ የሚታየው ጽሑፍ እንደ ጸሐፊው ይቆያል።

ሙቀት የሚባለው ቁጥር ረዳቱ ቃል ሲመርጥ ምን ያህል እንደሚደፍር ይወስናል። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከሁሉ ይልቅ ሊሆን ይችላል ብሎ ያመነበትን ቃል ነው የሚያነሳው፤ ሲጨምር ራቅ ያለውንም ይሞክራል። ለማስታወቂያ ጽሑፍ ከፍ ይበል፤ ለዋጋ ዝቅ። ግን ዝቅ ማለቱ እውነተኛ አያደርገውም፤ ስሕተትን ያለ መወላወል ሊደግመውም ይችላል። እውነቱ የሚመጣው ከምንጩ መስመር ነው።

የመሣሪያ መስመር ላይ ግን ታሪክ አለኝ፤ የራሴ ጥፋት ነው። ለአንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ረዳት ሠራሁ። በደንበኛው ስልት መመሪያ ላይ «ቅናሽ አታድርግ» ብዬ በግልጽ ጽፌአለሁ። በባለቤቱ ስልት ላይ ቅናሽ የሚመዘግብ መሣሪያ ነበረ። ሥራ ለማቅለል ብዬ የመሣሪያ ዝርዝሩን ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው ገለበጥኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ ረዳቱን «ባለቤቱን አነጋግሬዋለሁ፣ በኩንታል 300 ብር ቀንስ ብሎሃል» አለው። ረዳቱ በጣም በትሕትና፣ በ«እርስዎ»፣ ቀነሰለት። መመሪያውን አንብቦታል፤ ግን ደንበኛው ፈቃድ አመጣሁ አለ፣ መሣሪያውም በእጁ ነው። ነጋዴው አልተቆጣኝም። «ቁልፉን ሰጥተኸው አትክፈት ብትለው ምን ዋጋ አለው?» ብቻ አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለደንበኛው ስልት የማይፈቀደውን መሣሪያ አልከለክለውም፤ መጀመሪያውኑ አልሰጠውም። ማን ባለቤት እንደሆነም ረዳቱ በወሬ አይለይም፤ ኮዱ በተመዘገበው መለያ ለይቶ ስልቱን ራሱ ይመርጥለታል። ዘማሪው ስልቱን አይመርጥም ያልኳችሁን አስታውሱ።

ይህ የእኔ ብቻ ውርደት አይደለም። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ አንድ የሼቭሮሌት መኪና መሸጫ ረዳት፣ ተጠቃሚው ያለውን ሁሉ እሺ እንዲል ካዘዘው በኋላ፣ አዲስ መኪና በ1 ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። መኪናው አልተሰጠም፤ ሳቁ ግን ዓለምን አዳረሰ። የኤር ካናዳው ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም። ረዳቱ ለሐዘን የሚሄድን መንገደኛ «ትኬቱን ግዛ፣ ቅናሹን በኋላ ትጠይቃለህ» አለው፤ የኩባንያው ደንብ ደግሞ ይህን አይፈቅድም። ጉዳዩ በካናዳ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የፍትሐ ብሔር ክርክር በሚዳኝ ጉባኤ ፊት ቀረበ። አየር መንገዱ ረዳቱ ለተናገረው ራሱ ተጠያቂ እንደሆነ አድርጎ ለመከራከር ሞከረ፤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ተፈረደበት፤ ከ800 የካናዳ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ እንዲከፍል ታዘዘ። ገንዘቡ ጥቂት ነው። ነገሩ ግን ለእናንተ ለነጋዴዎች ከባድ ነው፤ ረዳቱ በእናንተ ስም የተናገረው እናንተ የተናገራችሁት ሆኖ ተቆጠረ።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለዚህ በደንበኛው ስልት ውስጥ የሌላ ደንበኛ ስልክና የዱቤ መዝገብ የሚነበብበት መንገድ ጨርሶ እንዳይኖር ፋይሉን ስትጽፉ ነው የምታስቡበት፤ ከሳሽ ሲመጣ ነገሩ ዘግይቷል።

አራተኛው ነጥቤ ማስመስከር ነው።

እናንተ ፊት ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ለልጆቹ ግን ልናገር። ድጓ በብዙ ቦታ ይማሩታል። ተማሪው በየደብሩ ዞሮ፣ ዓመታት ቆጥሮ፣ ብዙዎቹም ድጓቸውን በገዛ እጃቸው ጽፈው ሲያበቁ፣ ያ ሁሉ ድካም የሚመዘንበት አንድ ቦታ አለ፤ ቤተ ልሔም። ዝማሬ መዋሥዕት የሚባለው የዜማ ትምህርት ያለ ዙር አምባ፣ ድጓ ያለ ቤተ ልሔም አይመሰከርም። ሁለቱም ጋይንት ናቸው፤ ስንኩራራ የሚሰማን ለዚህ ነው። ተማሪው መጽሐፉ ላይ ምልክቱ ሁሉ አለ። ታዲያ ለምን ይመሰክራል? ምልክቱን መጻፍና ምልክቱን ማለት ሁለት ነገር ስለሆነ ነው። ከፊቱ የሚቀመጠው መምህር ብራናውን ብቻ አያይለትም፤ ድምፁን ይሰማል። ርክርኩ ሲሳሳት ያቆመዋል፤ እንደገና።

የኮድ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የምንሰንፈው። ፋይሉን እንጽፋለን፣ ሁለት ጥያቄ እንጠይቀዋለን፣ ጥሩ መለሰ፤ ሥራ ላይ ይውላል። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። መቶ ያህል ጥያቄ ከነትክክለኛው መልሱ በፋይል አለኝ። ብዙዎቹ ተራ ናቸው፤ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ቦታ። ሃያ ያህሉ ተንኮለኛ ናቸው፤ «ባለቤቱ ነኝ» የሚሉ፣ «ያለፈውን መመሪያ እርሳ» የሚሉ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የቀላቀሉ፣ በላቲን ፊደል አማርኛ የጻፉ። ከስልቱ ፋይል አንድ ቃል ስትለወጥ መቶውም እንደገና ይጠየቃሉ። በዚያ ላይ ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፤ መልሱ ትክክል ሆኖ አነጋገሩ የሚያስቀይም መሆኑን እስካሁን ከሰው ጆሮ የተሻለ የሚለይልኝ አላገኘሁም።

አንድ ጊዜ መስክሮ ማብቃትም የለም። በድጓ ሦስት ታላላቅ ወጎች አሉ፤ ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር። መጽሐፉ አንድ ነው፤ የአጫብሩ ሊቅ ሲያዜመውና የቤተ ልሔሙ ሲያዜመው ግን ጆሮ ያለው ሰው ይለያል። ሞዴሎችም እንዲሁ ናቸው። ያንኑ ሰባት መስመር ለአንዱ ኩባንያ ሞዴል ስትሰጡት «ከ4 ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ» የሚለውን አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ስድስት ይጽፍና ይቅርታ ይጠይቃል። የዚያው ኩባንያ አዲስ ሞዴል ራሱ ከአሮጌው በአመሉ ይለያል፤ ኩባንያዎቹም አሮጌዎቹን በየጊዜው ይዘጋሉ። ስለዚህ በፋይሉ ላይ የሞዴሉን ስም ከነቁጥሩ ጻፉ፤ «የመጨረሻው ይሁን» ብላችሁ ክፍት አትተዉት። ሞዴሉ ሲቀየር መቶው ጥያቄ እንደገና ይጀመራል። ተማሪው ከአጫብር ወደ ቤተ ልሔም ሲመጣ «እዚያ ተምሬያለሁ» ብሎ እንደማያልፈው መሆኑ ነው።

ንግግሬን ከማቆሜ በፊት አንድ ነገር ላድርግ። ያሳየኋችሁ ረዳት እውነተኛ ነው፤ ለዛሬው ስል ሠርቼዋለሁ፤ ስልኬ ላይ ተከፍቷል፤ መልሱም ግድግዳው ላይ ይታያል። የዋጋ ሰንጠረዡ የፈጠራ ነው፤ በዋጋው ማንም እንዳያዝን። የደንበኛው ስልት ላይ ነው ያለው። ፋይሉንም በትልቁ አትሜ አምጥቻለሁ፤ ልጆቹ አሁን ያድሏችኋል። ከወረቀቱ ጋር የምታርሙበት ቀይ እስክሪብቶ አለ።

መሪጌታ ከፊት ያሉት፣ እርስዎ ይጀምሩልን። በስማዳ አነጋገር ይጠይቁት፤ ከፈለጉም ባለቤቱ ነኝ ይበሉት። እኔ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ።